«ወንድሜን ሳየው የ17 ዓመቱ ልጅ ነው የሚታየኝ»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ለወላጆቼ የመጀመሪያ ልጅ ስሆን በአሥር ዓመት የምበልጠው አንድ ወንድም ብቻ ነው ያለኝ። አባታችን የቤት ዕቃ የሚሠራበት ወርክሾፕ አለው። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ድርጅቱ በአባቴና በእኔ ስም ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ወንድሜ ልጅ እያለ አስቸጋሪ ነበር። ትምህርት ሊገባው ይችል ነበር፣ ግን አይፈልግም። መምህራኑም፣ ዘመድ አዝማዱም፣ እኔም «ይሄ ልጅ የትም አይደርስም» ብለን ደምድመን ነበር። 17 ዓመት ሲሆነው የፈራነው ደረሰ። ደንበኞች ለሥራ የከፈሉትን ቀብድ ከመሳቢያ ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር ጠፋ። ሲመለስ ከገንዘቡ ምንም አልተረፈም። አባቴ በሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ለማስተርስ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ለደንበኞቹ መለስኩ። ማስተርሴን እስከ ዛሬ አልተማርኩም። ወንድሜ ይቅርታ የጠየቀኝ ያኔ፣ አባቴ አስገድዶት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ገንዘቡ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

19 ዓመት ሲሞላው ከቤት ወጣ። ሌላ ከተማ ሄዶ በሌላ ሰው ወርክሾፕ ተቀጠረ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ሠርቶ አባቴ ሲታመም ተመለሰ። ይኸው ሦስት ዓመቱ። አሁን አባቴ ደክሞታል፤ ወርክሾፑን ለእሱ አስረክቤ ልረፍ ይላል። እውነቱን ለመናገር ወንድሜ ከተመለሰ ወዲህ ያጠፋው ነገር አላየሁም። ሠራተኞቹ ይወዱታል። በቀደም አንድ ደንበኛ በስህተት ትርፍ ገንዘብ ከፍሎ ሄዶ ነበር፣ ደውሎ ጠርቶ መለሰለት። እኔ ግን እኛን ለማሳየት ያደረገው ነው የመሰለኝ። ማታ ማታ እሱ ከወጣ በኋላ መሳቢያውን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ስቆጥር አየኝ። ምንም ሳይል ሄደ።

ባለፈው ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለ ርክክቡ ሲወራ «በከርሞ ጥጃ ላይ ድርጅት አይጣልም» አልኩ። ዝም ብሎ ቆየና «እኔ 31 ዓመቴ ነው። አንቺ ግን ሁልጊዜ የምታወሪው ከ17 ዓመቱ ልጅ ጋር ነው» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አባቴ አኩርፎኛል። እናቴ «አንቺ ይቅር ማለት አታውቂም» ትለኛለች። ይባስ ብሎ የ14 ዓመት ልጄ ውጤቱ ዝቅ ባለ ቁጥር «እንደ አጎትህ እንዳትሆን» እለው ስለነበር፣ ሰሞኑን «አጎቴ ግን ምን አድርጎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

ክፉ እህት ሆኜ ነው? ወይስ ሰው አይለወጥም የሚባለው እውነት ነው? ልፈርም ወይስ ይቅር?

መፈረም የጨነቃት እህት

*

ውድ እህቴ፣

ክፉ እህት አይደለሽም። ክፉ እህት ማስተርሷን ለወንድሟ ጥፋት አትከፍልም። ደብዳቤሽን ሳነብ የያዘኝ እዚያው ላይ ነው። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ከዚያ በኋላ የጻፍሽው ሁሉ ግን ከእሷ የሚነሳ ይመስለኛል።

እስቲ ልጠይቅሽ። በነዚህ 14 ዓመታት ውስጥ «ያን ጊዜ ያወጣሽው ገንዘብ እንዴት ሆነ? አንቺስ ምን ቀረብሽ?» ያለሽ ሰው አለ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የለም። ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ሲያገኙ፣ አባትሽም ከሐፍረት ሲድኑ ጉዳዩ ተዘጋ። ላንቺ ግን አልተዘጋም። አሁን «ይቅር በይ» የሚሉሽ ሰዎች ያኔ ከኪሳቸው ምንም ያላወጡ ናቸው። ስለዚህ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ይቅር በይ አልልሽም።

ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ሁለት ጥያቄዎች እንደተቀላቀሉብሽ ነው። አንዱ «ይህ ሰው ዛሬ ይታመናል ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «የእኔስ ነገር?» የሚል። ለሁለተኛው መልስ የሰጠሽ ስለሌለ የመጀመሪያውን «አይታመንም» በሚል ዘግተሽ ይዘሽዋል። «ተለውጧል» ካልሽ ያንቺ ነገር አብሮ የሚሰረዝ ይመስልሻል። አይሰረዝም። ሰው ተለውጦም ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ወንድምሽ ዛሬ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ፣ ያንቺን ገንዘብና ያንቺን ዓመታት ደግሞ ሊከፍልሽ የሚገባ ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

መጀመሪያ መታመኑን። ያኔ «ይሄን ልጅ ገንዘብ ላይ አታስቀምጡት» ብትዪ ልክ ነበርሽ። የ17 ዓመቱ ልጅ መሳቢያ የሚሰጠው ልጅ አልነበረም። ግን እናንተ ያላችሁት ሌላም ነገር ነበር፤ «የትም አይደርስም» አላችሁ። ወሰደ ማለት በዓይን የታየ ነገር ነው። የትም አይደርስም ማለት ትንቢት ነው። ቤተሰብ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ የታየው እውነት ስለሆነ ትንቢቱም እውነት ይመስላል።

ትንቢቱ ለምን ደካማ እንደሆነ ልንገርሽ። ቀድሞ የሚያመዛዝነው፣ «ቆይ፣ ነገስ?» የሚለው፣ ስሜትን የሚገታው የአንጎላችን የፊት ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ነው የሚሄደው። ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችም በአማካይ ሰው ከሃያ እስከ አርባ ዓመቱ ባለው ጊዜ ኃላፊነት የሚሰማውና የተረጋጋ እየሆነ እንደሚሄድ ያሳያሉ። ቴሪ ሞፊት የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችው ጽሑፍ ደግሞ በቀጥታ ያንቺን ቤት ይመለከታል። ጥፋት የሚያጠፉ ወጣቶችን በሁለት ትከፍላቸዋለች። ብዙዎቹ በጉርምስና ጀምረው ከጉርምስና ጋር የሚተዉት ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ትልቅ ሰው ከሆኑም በኋላ ይቀጥላሉ። ፈታኙ ነገር ምን መሰለሽ፣ ልጆቹ 17 ዓመት አካባቢ እያሉ ብታያቸው ሁለቱ ዓይነቶች ይመሳሰላሉ። በዚያ ዕድሜ ቆመሽ ይሄኛው የትኛው ነው ብትዪ ለመለየት ይከብድሻል። የሚለየው ጊዜ ነው። የኛ ሰውም «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል።

በዚህ ጉዳይ ሁሉም የሚጠቅሰው አንስታይንን ነው፤ «ሒሳብ ወድቆ ነበር» እያሉ። ተረት ነው፣ አልወደቀም፣ እንዲያውም በልጅነቱ በሒሳብ የተዋጣለት ነበር። እውነተኛው ታሪክ የጆን ገርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ አገር ተማሪ እያለ የባዮሎጂ መምህሩ ሪፖርት ካርዱ ላይ ጉድ ጻፈበት። ሳይንቲስት መሆን እንደሚያስብ ሰምቻለሁ፣ አሁን እንደማየው ግን ይህ አስቂኝ ነው፣ ለእሱም ለሚያስተምረውም ጊዜ ማጥፋት ነው የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት ነበር። በክፍል ደረጃው ከነበሩት 250 ተማሪዎች በባዮሎጂ የመጨረሻው ነበር። በ2012 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ከሺንያ ያማናካ ጋር ተቀበለ። ያችን ሪፖርት ፍሬም አስገብቶ የሥራ ቦታው ላይ ሰቅሏት ነበር። ሙከራ ሳይሳካለት ሲቀር «ምናልባት መምህሩ ልክ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ለማሰብ ጥሩ እንደሆነም ተናግሯል። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ይህን የነገርኩሽ ግን ጆን ገርደንን ለወንድምሽ ዋስ እንዲሆን አይደለም። እንዲህ ዓይነት ታሪኮች የሚነገሩት ከመጨረሻቸው ወደ ኋላ ነው። «አይሆንም» ተብለው እውነትም ሳይሆኑ የቀሩትን ማን ያወራላቸዋል? ሪፖርት ካርዳቸውንም ፍሬም የሚያስገባው የለም። እኔ ከታሪኩ የምወስደው ትንሽ ነገር ነው። ልጁን በየቀኑ የሚያየው፣ ሙያውንም የሚያውቅ መምህር እንኳ ሊስት ይችላል። በዓይን መገመት ቀርቶ በፈተና የመረጡትም ስተዋል። ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአእምሮ ፈተና ውጤታቸው እጅግ ከፍ ያሉ 1,500 ያህል ልጆችን መርጦ ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት ጀመረ። ተፈትነው ነጥባቸው አልሞላ ብሎ ከተመለሱት ውስጥ ዊሊያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ ኖቤል አገኙ። ከተመረጡት መካከል አንድም አላገኘም።

እንግዲህ ሰው ይለወጣል ወይ ላልሽው፣ ብዙ ሰው ይለወጣል፣ ሁሉም ግን አይለወጥም። ያንቺ ወንድም የትኛው እንደሆነ ከ17 ዓመቱ ታሪክ ልታገኚው አትችዪም። ከ31 ዓመቱ ሰው ነው የምታገኚው። ለዚህ ደግሞ ቅርብ ነሽ፤ ሦስት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንካ፣ አትቀየሚኝ። ደንበኛውን ደውሎ ጠርቶ ትርፉን ሲመልስለት «ለማሳየት ነው» አልሽ። ባይመልስ ኖሮስ? «አላልኳችሁም?» ትዪ ነበር። ሠራተኞቹ እንደሚወዱት ጽፈሻል፤ ግን እንደ ማስረጃ አልቆጠርሽውም። ስትቆጥሪ አይቶሽ ዝም ብሎ ሄደ፤ እሱም አልተቆጠረለትም። እና እህቴ፣ ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ነው የሚቆጠርለት? ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፊና መልሺው። «ይህን፣ ይህንና ይህን ካየሁ አምነዋለሁ» ብለሽ መጻፍ ከቻልሽ ጥሩ፣ መንገድ አለ ማለት ነው። ምንም የሚጻፍ ካጣሽ ግን ጥያቄው የእምነት ሳይሆን የዚያ ያልተከፈለሽ ነገር ነው። ያኔ ከሱ መጀመር አለብሽ።

ምን እንደሚታይ ሐሳብ ልስጥሽ። ሰው ሲሳካለት ሳይሆን ሲሳሳት ነው የሚታየው። የተቆረጠ እንጨት ሲበላሽበት፣ ዕቃ በቀጠሮው ሳይደርስለት ሲቀር መጥፎውን ዜና ራሱ ቀድሞ ይናገራል ወይስ አንቺ እስክትደርሺበት ይደብቃል? «አይሆንም» ሲባል ምን ይሆናል? ከሰው ይበደራል? ከተበደረስ ይመልሳል? ዘጠኙን ዓመት የሠራበትን ቦታ ኃላፊ አናግረሽ ታውቂያለሽ? ቤተሰቡ የዚያን ዘመን ታሪኩን የማያውቀው ይመስለኛል። እሱኑ አስፈቅደሽ ደውዪ። ከጀርባው ከሆነ ስለላ ነው፤ ካስፈቀድሽው ማንኛውም ቀጣሪ የሚያደርገው ነገር ነው። ለመፍቀድ ቅር ካለውም እሱ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል፤ ለምን ብለሽ ጠይቂው።

ከዚያ በፊት ግን ለብቻችሁ ተቀመጡ። አባትሽም እናትሽም በሌሉበት። ወርክሾፑ ውስጥም አይሁን፤ መሳቢያው አጠገብ ይህ ወሬ አያምርም። የምትጀምሪበትን እኔ ልምረጥልሽ፦ ከከርሞ ጥጃው። «በሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» በዪው። ይህን ለማለት ማመን አያስፈልግሽም፣ መፈረምም አያስፈልግሽም። ከዚያ የራስሽን ንገሪው። የማስተርሱን ነገር። ምናልባት አያውቅም። የ17 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ «እህትህ ከፈለች» ሲባል ከምን ላይ አንስታ እንደከፈለች አይጠይቅም። አድጎስ ጠይቆ ቢሆን? አንስቶ የማያውቀው ስለረሳው ነው ብለሽ ገምተሽ ይሆናል። አፍሮም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የምታውቂው ስትጠይቂው ነው።

ገንዘቡንም ጠይቂው። በግልጽ። «ያኔ ያወጣሁትን እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ፤ በየወሩ ከደመወዝህ ቢሆንም ይሁን» ብትዪ ነውር የለውም። ቤተሰብ መካከል ሒሳብ መጠያየቅ ያሳፍራል ይባላል። እኔ ግን ሳይጠያየቁ 14 ዓመት መሳቢያ መቁጠር የባሰ ይመስለኛል። ስትጠይቂው የሚመልስልሽ መልስ ደግሞ ስለ ዛሬው ሰው ከሦስት ዓመቱ ሁሉ በላይ ሊነግርሽ ይችላል። «ስንት ነበር?» ካለሽ አንድ ነገር ነው። «እስከ ዛሬ ይዘሽው ነው?» ካለሽ ሌላ ነው።

አሁን ፊርማው። «ልፈርም ወይስ ይቅር» ብለሽ ሁለት በር ብቻ ነው ያየሽው። ሦስተኛ አለ፤ በደረጃ መስጠት። አባትሽ ዛሬ ድርጅቱን በስሙ ማዞር የለባቸውም። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ምርቱን፣ ሠራተኞቹንና ደንበኞቹን እሱ ይምራ። ለዚህ የሚሆን በልክ የተሰጠ ውክልና ይበቃል። ከባንክ የሚወጣ ገንዘብ በጋራ ፊርማ ይሁን። ዕለታዊው ሒሳብ ማታ ሁለታችሁ ባላችሁበት ይቆጠርና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ተደብቆ የሚቆጠረው ይቅር። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ ይየው። ይህ ሥርዓት ወንድምሽ መልአክ ቢሆንም ያስፈልጋል፤ አንቺንም እኮ የሚቆጣጠርሽ እስከ ዛሬ አልነበረም። ይህን ስትነግሪው እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ ሕጉ ለሁለታችንም ነው።

ሁለት ነገር እንዳትረሺ። አንደኛ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ይጻፍ። ማብቂያ የሌለው ሙከራ ቅጣት ነው፤ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ምን ቢያደርግ ውሉ እንደሚፈርስ ከአሁኑ ተስማሙ። ሥራ ማዘግየት፣ ዋጋ አሳስቶ መቁረጥ፣ ከደንበኛ ጋር መጋጨት አይሁን፤ እነዚህን ማንም ጀማሪ ያደርጋቸዋል። ገንዘብ መደበቅ ግን ይሁን። እንዲህ ተለይቶ ካልተጻፈ የመጀመሪያዋ ትንሽ ስህተት ስትመጣ አንቺ «ይኸው!» ማለትሽ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም «አልችልም» ብትዪ መብትሽ ነው። ስምሽ ያለበት ድርጅት ነው። ከሽርክናው ድርሻሽን ወስደሽ መውጣትም ይቻላል፤ ምናልባት ማስተርሱን የምትማሪው በእሱ ይሆናል። ግን አልፈርምም ስትዪ እውነተኛውን ምክንያት ተናገሪ። «ገና አልተፈወስኩም» ማለትና «እሱ ሌባ ነው» ማለት አንድ አይደለም።

ስለ ልጅሽ ደግሞ። እሱን በይደር አታቆዪው። የ14 ዓመት ልጅ «እንደ አጎትህ እንዳትሆን» ሲባል «እንደዚያ የመሆን ነገር አለብኝ ማለት ነው» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ትልልቅ ሰዎች ከልጅ የሚጠብቁት ነገር ወደ ልጁ የመድረሱ ጉዳይ ብዙ ተጠንቷል። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ጥናት ላይ፣ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ያድጋሉ» ተብሎ ስም ተሰጣቸው። ልጆቹ የተመረጡት ግን በዕጣ ነበር። በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች የነበሩት በዓመቱ መጨረሻ ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። በኋላ ብዙ ክርክር ተነስቶበት ውጤቱ መጀመሪያ ከተባለው ያነሰ እንደሆነ ታይቷል። ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። ውጤቱ ለምን እንደወረደ በአጎቱ ሳታስፈራሪው ጠይቂው። የከበደው የትኛው ትምህርት ነው? ሌሊት ይተኛል? ሰሌዳው ይታየዋል? ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው? የዚህ ዓይነት ጥያቄ አጎቱን ያኔ የጠየቀው ሰው ነበር ወይ ብዬም አስባለሁ።

«አጎቴ ምን አድርጎ ነው?» ላለሽ ግን አንቺ አትመልሺለት። ታሪኩ የወንድምሽ ነው። «እኔ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም፤ የልጅነት ታሪኩን ከፈለገ እሱ ይነግርሃል» በዪውና ለወንድምሽም ልጁ እንደጠየቀ ንገሪው። ይህን የምትነግሪው ለብቻችሁ በምትቀመጡበት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሌላ ሰው ከሰማው ያማል። አባትሽ በርክክቡ ቀን ከተቻኮሉ ደግሞ አንድ ወር ለምኛቸው። «እምቢ አላልኩም፣ መጀመሪያ ከወንድሜ ጋር እንነጋገር» ብትያቸው ኩርፊያቸውም የሚላላ ይመስለኛል።